ዝናቡን ማን አቁሚ አላት?

ሰኞ፣ 4

ሥራ አስኪያጁ ዛሬ ጠዋት አንድ ክምር ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ሁለት እጁን አፋተገ። እሱ እጁን ካፋተገ መጥፎ ነገር መጥቷል ማለት ነው። እርማት ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ያኔም ስህተት ሲያሳልፍ እንዲሁ ያፋትግ ነበር።

«ጋሼ፣ ይህን ከእርስዎ ሌላ ማንም ሊያየው አይችልም።»

የሚዛን ተቆጣጣሪው ታሪኮች ናቸው። አምስቱም። «ለወጣቶች እንደ አዲስ የተተረኩ»።

ይህን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያነብ የለም፤ ነገርን ከሥሩ መጻፍ ግን ልማዴ ነው። የሚዛን ተቆጣጣሪው ከመቶ ዓመት በፊት በሌላ አገር ቋንቋ የተጻፉ የወንጀል ምርመራ ታሪኮች ባለቤት ነው። ስድሳ ዓመት የሞላው፣ ጨጓራው የሚያመው፣ ገበያ ለገበያ እየዞረ የነጋዴ ሚዛን የሚፈትሽ የመንግሥት ሠራተኛ። አይሮጥም፤ አይጮህም። ነፍሰ ገዳይ የሚይዘው አንድን ነገር ሁለት ጊዜ በመመዘን ነው። ወደ ቋንቋችን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት፣ በሃያ ስድስት ዓመቴ። ሰው ስሜን የሚያውቀው በዚያ መጽሐፍ ነው። የውስጥ ሽፋኑ ላይ «ሳይጨመርና ሳይቀነስ የተተረጎመ» ይላል። ይጻፍ ያልኩት እኔው ነኝ።

የደራሲው ወራሾች ለአዲሱ ሥራ ፈቃድ የሰጡት በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ጸሐፊዋ ከዋናው ቋንቋ እንድትሠራ፣ መሥራቷንም አንድ የሚያውቅ ሰው አንብቦ በፊርማው እንዲያረጋግጥ። የሚያውቀው ሰው እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንት ተሰጥቶኛል።

የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩ። የሚዛን ተቆጣጣሪው አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ውሻ አለው።

ማክሰኞ፣ 5

ውሻው እስካሁን አልተናገረም። ገጽ 40 ላይ ነኝ፤ ተስፋ አልቆርጥም።

ሐሙስ፣ 7

እዚህ ቤት ጽሑፍ የሚታረመው በድምፅ ነው። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ሌላውን ቅጂ ይዞ በዓይኑ ይከተላል። ለእኔ የሚያነቡልኝ እትዬ ሰረዝ ናቸው። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው የሠራተኛ ክፍል ብቻ ነው። ምልክቱን ሁሉ ይጠራሉ፤ አንዲት ነጥብ አትቀራቸውም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠናል። በዚህ ሕንጻ ውስጥ ሥራ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች አሉ፤ አንዷ እሳቸው ናቸው።

«ጥቅስ ክፈት፤ ወይኔ ጉዴ፣ ቃለ አጋኖ፤ ሚዛኑ ተሰብሯል፣ ቃለ አጋኖ፣ ቃለ አጋኖ፤ ጥቅስ ዝጋ።»

«ስንት ነው እሱ?»

«ሁለት። የወይኔን ካልቆጠርክ።»

«ሚዛን ለተሰበረበት ሰው አንድ ይበቃዋል።»

«አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አንድ አይበቃውም» አሉና ቀጠሉ። ከዚያ ውሻው የዳኛውን ቆብ ይዞ ሲሮጥ ሳቁ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ። እኔ ጋ ሲያነቡ ስቀው አያውቁም። ተርበው ነበር መሰለኝ፤ ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር።

እሑድ፣ 10

ረቂቁን ቤት ይዤ መምጣቴ ስህተት ነበር። ባለቤቴ ከምግብ ጠረጴዛው ላይ አንስታ ወሰደችው። የሁለተኛ ደረጃ የሥነ ሕይወት መምህርት ናት፤ የተማሪዎቿን ፈተና ልታርም ተቀምጣ ነበር።

«ሻይሽ ቀዘቀዘ።»

«ዝም በል፣ ጣሪያ ላይ ነው ያለው።»

«እሱ ሰውዬ ጣሪያ ላይ አይወጣም። ጨጓራውን ያመዋል።»

«ይሄኛው አያመውም።»

«ችግሩ እሱ ነዋ!»

ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ እኮ ሰው ሲደሰት ያምሃል» አለችኝና ገጹን ገለጠች።

አያመኝም። የሚያመኝ ሌላ ነው። የቀድሞው ሰውዬ የአንዲት ሴት መቀነት ውስጥ የተደበቀ ክብደት ለማግኘት አሥራ አንድ ቀን ገበያ ቆሟል። አሥራ አንድ ቀን! አንባቢም አብሮት ይቆማል፤ እግሩን ያመዋል፤ መጨረሻ ላይ ግን ትዕግሥት ምን እንደሆነ ያውቃል። በዚህችኛዋ እጅ አሥራ አንዱ ቀን አንድ አንቀጽ ሆኗል። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል፣ ያሰፋዋል፣ አለቀ። ገዳዩ ሲያዝ ያለቅሳል፤ ልጁም ያለቅሳል፤ ውሻውም ያላዝናል። ሁሉም ስሜቱን ይናገራል። «ተናድጃለሁ» ይላል የተናደደው። «ፈርቻለሁ» ይላል የፈራው። ወጣት ማለት የማይገባው ሰው ነው ያላት ማን ነው? እኔ በአሥራ ሰባት ዓመቴ የሚገባኝን ብቻ ባነብ ኖሮ ዛሬም የሚገባኝ ያው በሆነ ነበር።

ይህን ለባለቤቴ ብነግራት «በአሥራ ሰባት ዓመትህ ጓደኛ ነበረህ?» ትለኛለች። ስለዚህ አልነገርኳትም።

ማክሰኞ፣ 12

ሦስተኛው ታሪክ፣ «የጨው መጋዘን»። እትዬ ሰረዝ ሲያነቡ እጄን አንስቼ አስቆምኳቸው። ልጅቷ፣ ጸሐፊዋ ማለቴ ነው፣ ዝናቡን አቁማዋለች!

በእኔ ትርጉም ሌሊቱን ሙሉ ይዘንባል። የመጋዘኑ ዘበኛ ዓይነ ስውር እህት ጓዳ ተቀምጣ፣ ገዳዩ ጆንያውን ወለሉ ላይ ሲያስቀምጥ ትሰማዋለች። የግራውን ጫፍ አስቀድሞ ስለሚያሳርፍ በድምፁ ትለየዋለች። በልጅቷ ጽሑፍም ነገሩ ያው ነው፤ ብቻ ጆንያው ከመቀመጡ በፊት «ዝናቡ ድንገት ቀጥ አለ» የምትል ዓረፍተ ነገር ገብታለች። ማን አቁሚ አላት? የሞተ ደራሲ ሰማይ ላይ ገብቶ ማዘዝ ምን ይባላል?

«ካቆመ እኮ ይሻላል» አሉ እትዬ ሰረዝ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሱ።

«መሻል አልተጠየቀችም» አልኳቸው።

ቆይ። ዓይነ ስውሯ።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ

ልጅቷ ከዋናው አልሠራችም። እርግጠኛ ነኝ። እንዴት እንዳወቅሁ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። ማወቄ ይበቃል።

ሐሙስ፣ 14

ለሥራ አስኪያጁ የግምገማ ጽሑፍ አስገባሁ። ግማሽ ገጽ። «ረቂቁ ከዋናው ቋንቋ የተሠራ አይደለም። ፊርማዬን አላኖርበትም።» ለዓመታት ከጻፍኩት ሁሉ የጠራ ነው። አንድ ትርፍ ቃል የለበትም።

ቅዳሜ፣ 16

ባለቤቴ ቁርስ ላይ፦ «በእንቅልፍህ መቁጠር ጀምረሃል።»

«ምን ብዬ?»

«ከአንድ ትነሳና አሥራ ስድስት ላይ ስትደርስ ታቆማለህ። ከዚያ እንደ አዲስ።»

ጨጓራዬ ነው አልኳት።

ሰኞ፣ 18

ስብሰባ። ሥራ አስኪያጁ፣ እኔ፣ ልጅቷ። ልጅቷ የምላት ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ሸራ ጫማ አድርጋለች፤ ሬዲዮ ላይ የልጆች ፕሮግራም ትመራ ነበር፤ ለዚህ ሥራ ብላ ትታዋለች። ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል። ገና ከመቀመጧ የእኔን መጽሐፍ ከቦርሳዋ አወጣች። ጀርባው ተገንጥሎ በፕላስተር ተይዟል።

«ጋሼ፣ አባቴ ሱቅ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ያነበብኩት ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ይፈርሙልኛል?»

«ከስብሰባው በኋላ» አልኳት።

ሥራ አስኪያጁ እጁን አፋተገ። «ጋሼ፣ ከዋናው አይደለም ያሉት የትኛው ክፍል ነው?»

«ሁሉም ይሸታል።»

«ለወራሾቹ ሸተተኝ ብዬ አልጽፍላቸውም። ገጽ ይንገሩኝ።»

«እኔ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ያለ ማስረጃ ተናግሬ አውቃለሁ?»

«አያውቁም። ለዚህ ነው ማስረጃውን የምጠይቀው።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ልጅቷ ዞረ። «እውነት ነው? የሠራሽው ከጋሼ ትርጉም ነው?»

ልጅቷ አየችኝ። የተያዘ ሌባ እንደዚያ አያይም። ቀስ ብሎ መንገድ የሚሻገር ሰው ቆሞ እንደሚጠበቅ ነው የጠበቀችኝ። እኔ የወረቀቴን ጠርዝ አስተካክል ነበር።

«ጋሼ እንደዚያ ካሉ፣ እንደዚያው ይጻፉ» አለች።

«እንግዲህ መጽሐፉ ይቀራል ማለት ነው፤ ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

ደረጃው ላይ ደረሰችብኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው፤ ከፍ ብታደርገው ይሻለኝ ነበር።

«ጋሼ፣ የጨው መጋዘንን በዋናው ቋንቋ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ዓይነ ስውሯ እዚያ የለችም።»

«ታዲያ ለምን አላልሽም?»

«እርስዎ ይሉ እንደሆነ ብዬ ነዋ።»

ሄደች። ሳታስፈርመኝ። ምን ዓይነት ድፍረት ነው? አስቡት እንግዲህ፤ የልጆች ፕሮግራም መሪ ለእኔ ልታዝንልኝ!

ማክሰኞ፣ 19

እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ።

ያኔ የተረጎምኩበትን ቅጂ የገዛሁት ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ነው። በከተማው ሌላ ቅጂ አልነበረም። ሁለቱን ታሪኮች ጨርሼ አስረክቤ፣ ለማተሚያ ፊደላቸው ተለቅሞ አልቆ፣ ሦስተኛው መሃል ላይ ስደርስ መጽሐፉ ከገጽ 128 ወደ ገጽ 145 ዘለለ። አሥራ ስድስት ገጽ የሚይዝ አንድ እጥፍ ወረቀት ከጥራዙ ወልቋል፤ ወይም ከመጀመሪያውም አልተሰፋም። ገጽ 145 ላይ ገዳዩ ታስሮ ተቀምጧል። ማን እንደሆነ አወቅሁ፤ እንዴት እንደተያዘ ግን በጎደሉት ገጾች ውስጥ ነበር።

ልነግራቸው ወደ አሳታሚው ቢሮ ሄጄ ነበር። ነፍሳቸውን ይማርና የዚህ ቤት መሥራች ያኔ በሕይወት ነበሩ። በሩን ስከፍት «የኔ አንበሳ! ደረሰልህ?» አሉኝ። «ደርሷል» አልኩ። የደረሰ ነገር አልነበረም። ቤቴ ገብቼ በአራት ቀን ዘጠኝ ገጽ ጻፍኩ። ዓይነ ስውሯን እኔ ፈጠርኳት። ከገጽ 145 በኋላ የማትኖር ስለሆነች እዚያው በዘጠኝ ገጽ ውስጥ ወለድኳት፣ እዚያው ቀበርኳት። ከዚያ ስለፈራሁ «ሳይጨመርና ሳይቀነስ» የሚለውን አስጻፍኩ። ያልሰረቀ ሰው ኪሱን ገልብጦ አያሳይም፤ ይህን ማንም አላስተዋለም።

ሙሉ ቅጂ ያገኘሁት ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው። ቆሜ አነበብኩት። ጨው ውሃ ይጠጣል። ከዝናቡ በፊት የገባ ጆንያና ዝናብ መቶት የገባ ጆንያ እኩል አይመዝኑም። ሰውዬው ጆንያዎቹን ሁለት ጊዜ ይመዝንና አንደኛው የገባው ባለቤቱ ገባ ባለበት ሰዓት አለመሆኑን ያረጋግጣል። ይኸው ነው። ደራሲው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ዝናቡን ያዘነበው ለዚህ ነበር። እኔ ለምን እንደሚዘንብ ሳላውቅ ነው አብሬ ያዘነብኩት።

መጽሐፉ ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ታትሟል። አራቱንም ጊዜ ማረም እችል ነበር። «ይህች የመጨረሻዋ እትም ናት» እያልኩ አለፍኩት።

አሁን በዚህ ዓይን ነው በሌላ ሰው ውሻ ላይ ስስቅ የከረምኩት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።

ያም ሆኖ ውሻው ትርፍ ነው።

ሐሙስ፣ 21

ልጅቷ ረቂቋን ልትወስድ መጣች። በመስኮት አየኋት። አምስቱንም ታሪክ በአንድ ፌስታል ይዛ ወጣች።

ኮሪደር ላይ ሁለት የሽያጭ ሠራተኞች፣ በሩ ክፍት መሆኑን ረስተው፦

«ሽማግሌው ቀበራት አይደል?»

«እሱ ምን አለበት! በራሱ ሰማይ ላይ ሌላ ወፍ አይወድም።»

«ማስረጃ ግን አላቀረበም አሉ።»

«ኧረ ባክህ፣ እሱ ራሱ ማስረጃ ነው።»

ሳቁ። ሁለተኛው ያለውን እንደ ምስጋና ልቆጥረው ሞከርኩ።

እሑድ፣ 24

ባለቤቴ፦ «ያንን ወረቀት የት አደረስከው? ሳልጨርሰው።»

«ቀርቷል። አይታተምም።»

«ለምን?»

«የሥራ ጉዳይ ነው።»

የተማሪ ወረቀት ታርም ነበር፤ እስክሪብቶዋን ከደነች። «የጨው መጋዘኗን ግን አበላሽታታለች እንዳትለኝ። ዓይነ ስውሯን አልነካቻትም። ያችን እንኳ ልትጠላት አትችልም፣ ያንተው መጽሐፍ ላይ ያለችው ናት።»

«ታስታውሻታለሽ?»

«እንዴት አላስታውሳትም! ሳንጋባ የሰጠኸኝ መጽሐፍ ነው። ያኔ እኔ ስለ አንተ ምን አውቅ ነበር? ኩሩ ነው፣ አፉ ክፉ ነው ብለውኝ ነበር። ያችን ሴትዮ ሳነብ ግን፣ ይህን ቃል በቃል ለመተርጎም ይህን ያህል የተጨነቀ ሰው ውስጡ ክፉ አይሆንም አልኩ።» ትንሽ አሰበች። «አፍህን በተመለከተ ግን እውነታቸውን ነው።»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። «ሻይ አለ?» አልኩ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት አብረን የኖርነው በዘጠኝ ገጽ ሐሰት ነው፤ ወይም ከጻፍኩት ሁሉ እውነት የነበረው እሱ ብቻ ነው። የትኛው እንደሆነ ዛሬ መወሰን አልችልም።

ሰኞ፣ 25

ነገርኩት። ለሥራ አስኪያጁ። በሩን ዘግቼ፣ ቆሜ፣ ከገጽ 128 ጀምሬ። የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ጽፌ ኪሴ ውስጥ ይዤ ነበር። ልጅቷ ከዋናው መሥራቷን፣ ያንን ክፍል ብቻ ከእኔ መውሰዷን፣ እኔን ላለማጋለጥ ዝም ማለቷን ጨርሼ ነገርኩት።

አፉን ከፍቶ አዳመጠኝ። ከዚያ ምን አደረገ? ሳቀ! ጠረጴዛውን እየደበደበ።

«ጋሼ! ያችን ዓይነ ስውር? እርስዎ ናቸው የጻፏት?»

«የሚያስቅ ነገር አልነገርኩህም።»

«በትምህርት ቤት ቃል በቃል ነው የያዝኳት እኮ! ጋሼ፣ ይህ ትልቅ ዜና ነው። ለሠላሳ ዓመት የተደበቀው ምስጢር ብለን ሽፋኑ ላይ…»

«ሰው አታልያለሁ ነው የምልህ።»

«ማን ተጎዳ?»

ይህን ይጠይቀኛል። እርማት ያስተማርኩት ሰው። ሠላሳ አንድ ዓመት የፈራሁት ቅጣት ይኸው ነው፤ ጥፋቴን ለማስታወቂያ ሊጠቀምበት ነው። ሽፋኑ ላይ አንዲት ቃል ቢያወጣ እዚያው እንደማቃጥለው ነግሬው፣ ለወራሾቹ እውነቱን እንዲጽፍላቸው፣ ለልጅቷም ዛሬውኑ እንዲደውልላት አስምዬው ወጣሁ። ደብዳቤውን ሳልሰጠው ቀረሁ። እንዲህ ዓይነት ሰው ባለበት ቤት አንድ የሚያፍር ሰው መቅረት አለበት።

ማክሰኞ፣ 26

ዛሬ ለእትዬ ሰረዝ ነገርኳቸው። ይህን ከሁሉ ቀላል ነው ብዬ መጨረሻ አድርጌው ነበር።

አልሳቁም። አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ረጅም ጊዜ ጠረጉ።

«የእጅ ጽሑፍህን ያነበብኩልህ እኔ ነኝ» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«እዚያ ገጽ ላይ ስንደርስ አስቆምኩህ። ትዝ ይልሃል?»

ትዝ ይለኝ ነበር።

«ጣሪያው ቆርቆሮ ነው አልኩህ። ዝናብ ይዘንባል፣ ሴትዮዋ ጓዳ ናት፣ የጆንያ ድምፅ እንዴት ሰማች አልኩህ። ምን አልከኝ?»

«እትዬ…»

«ደራሲው እንዲህ ብሏል፣ እኛ ማን ነንና ነው የምናርመው አልከኝ። እኔ ያኔ ሥራ ከጀመርኩ ገና ዓመቴ ነው፤ አንተ ዩኒቨርሲቲ የጨረስክ ሰው ነህ። አፈርኩ። ትልቅ ደራሲ የጻፈውን ያልገባኝ እኔ ነኝ አልኩ።» መነጽራቸውን አደረጉ። «ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አልጥም ሲለኝ የምጠይቅ ይመስልሃል? አልጠይቅም። ምልክቱን ጠርቼ አልፋለሁ። እትዬ ሰረዝ ያሰኘኝ ይኸው ነው።»

ይቅርታ አልኳቸው። ቃሉን እንደ ባዕድ ቃል ነው የተናገርኩት።

«ልጅቷ ግን ዝናቡን አቆመችው» አሉ፣ ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ። «እኔን ሳታውቀኝ።»

ዓርብ፣ 29

እትዬ ሰረዝ ወንበራቸውን ወደ መማሪያ መጻሕፍት ክፍል አዛውረዋል። ፊት ለፊቴ ያለው ወለል ላይ አራት የእግር ምልክት ቀርቷል። ብቻዬን ለራሴ ጮክ ብዬ ለማንበብ ሞከርኩ። የራስን ድምፅ መከተል አይቻልም፤ ዓይን የሚያየው አእምሮ የፈለገውን ነው። ሦስት ስህተት አሳለፍኩ።

ሰኞ፣ 2

ወራሾቹ መለሱ። የዓይነ ስውሯ ክፍል ይቆይ፣ የማን እንደሆነ ግን መግቢያው ላይ በግልጽ ይጻፍ ብለዋል። ከእኛ ሥራ አስኪያጅ ይልቅ ጨዋ ናቸው።

ልጅቷ መጣች። ተቀመጪ አልኳት፤ ተቀመጠች፣ ባዶው ቦታ ላይ ሌላ ወንበር ስባ። ለማመስገን አሰብኩና የተጻፈ ማስታወሻዬን አወጣሁ። ስድሳ ሦስት ነጥብ ነው።

«አንደኛ፣ ውሻው።»

«ውሻው አይወጣም፣ ጋሼ።»

«ምን ይሠራል?»

«ልጁ ብቻውን እንዳይሆን ነው። የእርስዎ ሰውዬ ሁልጊዜ ብቻውን ነበር። በልጅነቴ ሲያሳዝነኝ ነው የኖረው።»

«ብቻውን መሆን አለበት። የሚመዝን ሰው ነው።»

«የሚመዝን ሰው ውሻ አይኖረውም ያለው ማነው? ደራሲው?»

ከባለቤቴ ጋር ባስተዋውቃት ይግባባሉ፤ ስለዚህ አላስተዋውቃትም። ከስድሳ ሦስቱ አርባ አንዱን ተቀበለች። አሥሩን ከእኔ ተሽላ አስረዳችኝ። በቀሩት አሥራ ሁለት ላይ ሁለታችንም ግትር ሆንን።

«የመጨረሻውን አንድ ነገር ንገሪኝ» አልኳት። «የዋናውን ማስረጃ፣ ጨውና ዝናቡን፣ ለምን ተውሽው? ከእኔው በእጅጉ ይበልጣል። አንባቢው ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲዘንብ እያየ ያላየው ነገር ነው።»

«ይበልጣል» አለች ሳታመነታ። «ግን እኔ እዚያ ሱቅ ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ ጆንያ ሲቀመጥ ማን እንዳስቀመጠው እለይ ነበር፤ አባቴን፣ አጎቴን፣ ተሸካሚውን። በእርስዎ ምክንያት። ያንን አውጥቼ ምን ልተካ?»

መጽሐፏን አወጣች። ፈረምኩላት። ቀስ ብዬ ስለጻፍኩት ፊርማው የሐሰት ይመስላል።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። ሁሉንም። ተነስታ አሮጌውን መጽሐፍ ከመደርደሪያው አውርዳ ዘጠኙን ገጽ እንደገና አነበበች። እየጠበቅኋት ተቀመጥኩ። ስትጨርስ መጽሐፉን ዘግታ «ለምን ሌላ አልጻፍክም?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ አልጠበቅሁትም።

ረቡዕ፣ 4

የመጨረሻ ግምገማዬን አስገባሁ። «መጽሐፉ ከዋናው ቋንቋ የተሠራ ነው። የአንባቢን ትዕግሥት ይንቃል፤ ቃለ አጋኖ ያበዛል፤ ውሻ አለበት። ይታተም።» ፈረምኩ።

መግቢያውንም ጻፍኩ። ስድስት ጊዜ ቀደድኩት። እያሳመርኩ ስጽፈው የምመጻደቅ መሰለኝ፤ እያሳጠርኩ ስጽፈው የምሸሽ።

ሐሙስ፣ 5

ያለ ሁለት አንባቢ ማተሚያ ቤት አይቀበልም። ሥራ አስኪያጁ ከጀማሪዎቹ አንዱን ሊልክልኝ ነበር። ጠዋት በሩ ሲከፈት ግን እትዬ ሰረዝ ናቸው። ወንበራቸውን አላመጡም፤ ልጅቷ የተቀመጠችበት ላይ ተቀመጡ። ሰላምታም ያው «እንደምን አደርክ» ብቻ ነው።

«የቱን ነው?»

«መግቢያውን።»

ሰጠኋቸው። እኔ የእጅ ጽሑፌን ይዤ ቀይ እስክሪብቶዬን ከፈትኩ። ማንበብ ጀመሩ፤ በዚያው ድምፅ፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ፦

«በቀድሞው ትርጉሜ ከገጽ አንድ መቶ አሥራ ሁለት እስከ አንድ መቶ ሃያ ያለው ክፍል የደራሲው አይደለም፣ አራት ነጥብ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አራት ነጥብ። የምተረጉምበት ቅጂ ጎደሎ ነበር፣ ድርብ ሰረዝ፣ ይህንን ለማንም አልተናገርኩም፣ አራት ነጥብ። የእርማት ባልደረባዬ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ስህተት ያኔውኑ አይታ ጠይቃኝ ነበር፣ ድርብ ሰረዝ፣ የደራሲውን ስም ጠርቼ ዝም አሰኘኋት፣ አራት ነጥብ። ትክክል የነበረችው…»

ቆሙ። እዚያ ላይ እውነተኛ ስማቸው ተጽፏል። ትናንት ከሠራተኛ ክፍል ጠይቄ ነው ያገኘሁት፤ በሠላሳ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ፊደሉን በትክክል ጽፌው እንደሆነ ለማየት መሰለኝ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ከዚያ ስማቸውን አነበቡት፤ የአባታቸውንም ጨምረው፤ ቀስ ብለው፣ እንደ ሌላ ሰው ስም።

«…ናት፣ አራት ነጥብ።»

«ስህተት አለው?» አልኳቸው።

«የለውም።»

እስክሪብቶዬን ልከድን ስል እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ እንጂ። ስምና ቁጥር ያለበት ሁለት ጊዜ ነው የሚነበበው። ሕጉን ያወጣኸው አንተ ነህ።»

ወረቀቱን አስተካከሉና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ዓይኔን መስመሩ ላይ አድርጌ ተከተልኳቸው።